አያን ያለችው

ቱሪያ ኢርፎኑን ከጆሮዋ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ስምረት ገና ስለ እሁድ እያወራች ነበር። አባቷ አቶ ገብረወልድ ስድስት ወር ሙሉ «የዚያን ልጅ ስም እዚህ ቤት አታንሺ» ሲሉ ከርመው፣ ትናንት ምሳ ላይ ማንም ሳይጠይቃቸው «በቃ፣ እሁድ ይምጣና ዓይኑን ልየው» ብለዋል። ስምረት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምትሆነው ጠፍቷታል።

«ስሚ ደግሞ፣ እናቴ ምን አለች መሰለሽ…»

«ስምሬ፣ አቦ አንዴ ዝም በይ» አለች ቱሪያ።

ስምረት ዞር ብላ አየቻት። የቱሪያ ፊት ልክ አልነበረም።

«ይቺን የአያንን ወሬ ማን ነው የተረጎመልሽ?»

«አብዲ ነዋ። ሌላ ማን አለኝ?»

 ቱሪያ ኢርፎኑን መልሳ ሰካችና ቀረጻውን እንደገና ከመጀመሪያው መስማት ጀመረች።

ሁለቱ ያሉት ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ ከድሮዎቹ የምድር ባቡር ቪላዎች በአንዱ ውስጥ ነው። በኒም ዛፎች የተከበበው ይህ ቤት አሁን የልጆች ማንበቢያ ሆኗል። ከሶማሊያና ከየመን ተሰደው፣ አንዳንዶቹም ካምፕ ከርመው ድሬዳዋ የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይመጣሉ። አንዱ ሶማሊኛ፣ አንዱ ዐረብኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ አማርኛ ለአብዛኞቹ የመንገድ ቋንቋ ነው። አስተማሪዋ ስምረት ለእነዚህ ልጆች የመረጠችው ሥዕል ብቻ ያለባቸውን መጻሕፍት ነው። ጽሑፍ ከሌለ ቀዳሚም የለም፣ ኋላ የቀረም የለም። ሁሉም ሥዕሉን እያየ በገዛ አፉ ያወራል።

እሷ ራሷ ግን ከአማርኛና ከኦሮምኛ በቀር አታውቅም። አብዲቃድር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ከሞቃዲሾ ወጥቶ ካምፕ ያደገ ሰው ነው፤ አራቱንም ቋንቋ ይናገራል። ልጁ ሲያወራ ምንጣፉ ላይ አጠገቡ ይቀመጥና አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ስምረትን ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ቀስ አድርጎ ይነግራታል። አርብ አርብ ደግሞ የሳምንቱን ወሬዎች በንጹሕ ጽሕፈት ገልብጦ ይሰጣታል። ከወረቀቱ ግርጌ ሁልጊዜ ለእሷ ብቻ የምትሆን አንዲት መስመር አለች። «ዛሬ ስትስቂ ልጁ ገጹን መግለጥ ረሳ። እኔም።» ስምረት እነዚያን ወረቀቶች ትራሷ ሥር አድርጋ ስምንት ወር ተኝታለች። የሌላ ሃይማኖት ሰው መሆኑን፣ አገሬ የሚለው ምድር የሌለው መሆኑን፣ አባቷ የሚደረድሩትን ሁሉ ያስረሳት ያ ድምፅና ያ ጽሕፈት ነው።

በቅርቡ አንድ ሐሳብ መጣላት። የልጆቹን ወሬ ሰብስባ፣ በየገጹ በልጁ ቋንቋና በአማርኛ አሳትማ ለየራሳቸው ልትሰጣቸው። ለአማርኛው የአብዲቃድር ወረቀቶች አሉ። ሶማሊኛውን ከስልክ ቀረጻዋ ላይ እንድትገለብጥላት የመጻሕፍቱን ኃላፊ ቱሪያን ለመነቻት። ቱሪያ የሐረሪ ልጅ ናት፤ ሶማሊኛ የለመደችው መጋላ ገበያ በእናቷ ሱቅ ስታድግ ነው። ለአብዲቃድር ግን አልነገሩትም። ሳያስበው ታትሞ እንዲያየው ፈልጋ ነው፣ ስምረት።

«እሺ፣ አንቺ ጋ ያለውን በይልኝ» አለች ቱሪያ።

ስምረት ወረቀቱን ማውጣት አላስፈለጋትም፤ በቃሏ ትወጣዋለች። መጽሐፉ አንዲት አህያ፣ ሥሩ በጆንያ የታሰረ ዛፍ በጋሪ እየጎተተች ከከተማ ከተማ የምትዞርበት ነው። አያን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ የአሥራ አምስት ዓመት እህቷ ዱኒያና እሷ አጎታቸው ቤት ነው የሚኖሩት።

«ዛፏ ሰርግ ተጠርታ ነው የምትሄደው። ቅዳሜ መብራት ያንጠለጥሉባታል። አህያዋም ደስ ስላላት አይደክማትም።» ስምረት ፈገግ አለች። «ያን ቀን ክፍሉን በጭብጨባ ነው ያናጋሁት።»

ቱሪያ አቀረቀረች።

«ስለ ሰርግ ማውራቷስ አውርታለች። እኔ የምሰማው ግን እንዲህ ነው፤ "ዛፏ መሄድ አትፈልግም። ሥሯን ያሰሩት እንዳታመልጥ ነው። ገመዱን የያዘው አጎቴ ነው። ዛፏ እህቴ ናት። ለሽማግሌ ሰውዬ ሰጥቷታል። ቅዳሜ መኪና መጥቶ ይወስዳታል። ቲቸር፣ ለሰው ንገሪ።"»

«ተሳስተሽ ይሆናል።»

«ወላሂ አንድ ቃል አልጨመርኩም። እንኪ፣ ራስሽ ስሚው።»

ስምረት ኢርፎኑን ሰካች። ከማይገባት ንግግር መካከል ሁለት ቃል ለየች። አንዱ «ቲቸር» ነው። ሌላው «ዋላሻይ» ነው። ያን ቀን ምን ማለት እንደሆነ አብዲቃድርን ጠይቃው «የዛፏ እህት፣ ሌላ ዛፍ» ብሏት ነበር።

«ዋላሻይ ምንድን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«እህቴ።»

ቀረጻው የረቡዕ ነው። ያ ረቡዕ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ አያን እየመጣች አንድ ቃል ትንፍሽ አለማለቷ አሁን ትዝ አላት። አብዲቃድር «ጥርሷ ወልቆ አፍራ ነው» ብሎ ነበር። ስምረትም «ውይ!» ብላ ስቃ ነበር። 

*

ከተማው ከቀትር እንቅልፉ ሳይነቃ በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው የልጆቹ አጎት ቤት ደረሱ። በሩን የከፈተችው የአጎታቸው ሚስት ናት። ቱሪያ በሶማሊኛ አነጋገረቻት፤ ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መለሰች።

«ዱኒያ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ነው የምትለው። የት ስላት አላውቅም አለች።»

አያን ግቢው ጥግ በሳፋ ዕቃ ታጥባለች። ስምረት ሄዳ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«አያንዬ፣ ዱኒያ የት ሄደች?»

ልጅቷ ቀና አላለችም። አማርኛዋ ጥቂት ናት።

«ነገርኩሽ።»

«አልገባኝም ነበር የኔ እናት። ቋንቋሽን ስለማላውቅ…»

«አንቺ አጨበጨብሽ።»

ተቆጥታ አይደለም ያለችው፤ አልቅሳም አይደለም። ዛሬ ረቡዕ ነው እንደሚል ሰው ብላው፣ ቀጣዩን ሳህን አነሳች። ስምረት እጇን ልትይዛት ዘረጋች፤ ሳሙና የነካው ትንሽ እጅ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ስምረት ብዙ ሰው ተቆጥቷት ያውቃል። ይቺ ልጅ ግን አልተቆጣቻትም፤ ከእሷ ምንም መጠበቅ ነው ያቆመችው። ያ ደግሞ ከቁጣ ሁሉ ይብሳል።

*

ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቀረጻውን አሰምተው፣ ቃላቸውን ሰጥተው ሲመለሱ አሥር ሰዓት አልፏል። አብዲቃድር በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ለእሁድ የገዛውን አስቀድማ እንድታይለት ነው።

«እንዴት ነው? አባትሽ ፊት ያስቆማል?»

«ዱኒያን ወስደዋታል» አለችው።

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ ያጣ ይመስል ፊቱ ላይ ቆየ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ቱሪያ አንድ ጊዜ አየችውና አልፋ ገባች።

«አጎትየው ማለልኝ እኮ» አለ አብዲቃድር። «በዚያው ረቡዕ ቤቱ ሄጄ ነበር። ቁርኣን ይዞ "የልጅ ወሬ ነው፣ ልጄን ለማንም አልሰጥም" ብሎ ማለልኝ። አመንኩት። ቁርኣን ይዞ ሲምልልኝ ምን ልበለው?»

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገሩ ያለቀ መስሎኝ…»

«መጀመሪያ ተርጉመህልኛል አብዲ! ገና አጎትየው ጋ ሳትሄድ፣ ልጅቷ "ቲቸር፣ ለሰው ንገሪ" ብላ አፏን ሳትዘጋ፣ አንተ መብራት አንጠለጠልክ! ከየት አመጣኸው መብራቱን?»

አብዲቃድር የሸሚዙን እጅጌ መጠቅለል ጀመረ።

«ስንቱን ነው እንዲህ ያደረግኸው?»

«ስምሬ…»

«ስንቱን?»

«ከባድ ከባዱን ሁሉ።»

ስምረት የበረንዳውን ምሰሶ ያዘች። የስምንት ወር አርብ ሁሉ በዓይኗ መጣ። አሳ ላይ ተሳፍሮ ባሕር የተሻገረው ልጅ፣ ቤቷን ዝሆን ሰርቆባት ስቃ የሰጠችው ልጅ… ከዚያ ሁሉ ሥር ምን እንዳለ ማሰብ ፈራች።

«ነጅሙዲንን ታስታውሺዋለሽ?» አለ አብዲቃድር፣ አንገቱን ደፍቶ። «ያ የየመኑ ልጅ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስለ ጀልባው ያወራውን ቃል በቃል ነገርኩሽ። አለቀስሽ። ከክፍሉ ሮጠሽ ወጣሽ። ልጁ ጥፋት ያጠፋ መስሎት አንድ ወር ሙሉ አልተናገረም። ለእኔም በእሱ ዕድሜ ቃሌን ሳያጎድል የተረጎመልኝ ሰው ነበር። የካምፑ ሰዎች ጻፉት፣ አዘኑልኝ፣ ብስኩት ሰጡኝ፣ አለቀ። እነዚህ ልጆች እንደገና እንደዚያ እንዲታዩ አልፈለግሁም። አንቺ ስትስቂ ይስቃሉ። ስትስቂ ደግሞ…» ቀና ብሎ አያት። «እውነቱን ልንገርሽ? አንቺን ማየት ፈልጌ ነው። መጀመሪያ ለልጆቹ ነበር፤ ኋላ ግን ለእኔ ነው።»

«ታዲያ እኔ የወደድኩት ማንን ነው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ንገረኛ! ልጆቹን ነው በአንተ አፍ ሰምቼ የወደድኩት? ወይስ አንተን ነው በልጆቹ ስም? የትኛው ነው እውነት የነበረው?»

«መውደዴ እውነት ነው።»

«እሱንም የተረጎምከው አንተ ነህ።»

አብዲቃድር በጥፊ እንደተመታ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ግን የመከፋት ነገር ገብቶበት ነበር።

«አንቺስ?» አለ። «ሌላ ጊዜ አንድ ቃል ሳታስደግሚኝ አትቀበዪም ነበር። ያን ቀን ግን ዋላሻይ ምንድን ነው ስትዪኝ፣ "ሌላ ዛፍ" ስልሽ፣ ዓይኔን አላየሽም። ስምንት ወር ሙሉ ስደተኛ ልጅ ሁሉ ስለ መብራትና ስለ ዝሆን ብቻ ሲያወራ አንድም ቀን ግራ አልገባሽም? እኔ ዋሽቻለሁ፤ አልክድም። ግን የምትፈልጊውን ነው የሰጠሁሽ።»

 እውነት መሆኑ ነው ስምረትን ይበልጥ ያስጨከናት።

«አሁን የምነግርህን ሳትቀንስ ሳትጨምር ያዘው» አለች። «ልጅቷን ሳታገኝ ፊቴ አትቁም።»

«እሁድስ?»

«እሁድ የለም።»

ቀስ ብሎ ተነሳ። ነጩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ የደረጃውን አቧራ ይዟል። የልብሱን አቧራ የማራገፍ ልማድ ነበራት፤ እጇ ሳታዘው ተነሳ። መልሳ ያዘችው። በሩን ወጥቶ ከኒሞቹ ጥላ ሥር እስኪጠፋ አየችው፤ ቢዞር ትጠራው እንደነበር ታውቃለች። አልዞረም። እንዳይዞር አጥብቃ የለመነችውን ያህል ነው ባለመዞሩ የተቃጠለችው።

*

እሁድ አቶ ገብረወልድ ከጥዋቱ ጀምረው ተላጭተው፣ ምድር ባቡር ሳሉ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ። ስምረት ከረቡዕ ጀምሮ ልትነግራቸው ፈልጋ አፏ እምቢ ብሏት ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን እናቷ ከማዕድ ቤት ወጥታ «ይሞቅ ወይስ ይቆይ?» አለች።

«ይቆይ» አሉ አባቷ። ከዚያ ወደ ስምረት ዘወር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመጋላው ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄጄ ነው የገዛሁት። በአዲስ ድስት ነው የተሠራው። እንዳይሳቀቅ አስቀድመሽ ንገሪው፣ እሺ?»

አባቷ በሰባ ሁለት ዓመታቸው የዚያን ሥጋ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ስምረት እንባዋ ቀደማት።

«አባዬ፣ አይመጣም።»

 አቶ ገብረወልድ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ፤ መልሰው ቆለፉት።

«በእኔ ነው» አሉ። «ስድስት ወር ሙሉ ደጅ ያስቆምኩት ሰው ሳይመጣ ቢቀር ምን ይገርማል። እኔስ ብሆን እመጣ ነበር?»

«አይደለም አባዬ። በአንተ አይደለም።»

«እኔን ለማጽናናት ነው የምትዪው።»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ከየት ትጀምር? ሰውየውን ልታዋርደው ነው ወይስ ራሷን? «አይደለም» ብቻ አለች እንደገና። አባቷ አላመኗትም። ድስቱ እንደተከደነ ለጎረቤት ለእነ ዊዳድ ተላከ፤ አቶ ገብረወልድም ያን ቀን ምሳ አልበሉም። የአንድ ሽማግሌ የዋህ ጸጸት፣ ያውም ያላጠፉት ጥፋት፣ ስምረት ከተሸከመችው ሁሉ በላይ ከበዳት።

*

ፖሊስ አጎትየውን ጠርቶ ጠየቀው። «ለእናቷ ዘመዶች ሰጥቻታለሁ» አለ፤ ከከተማው ውጭ ካሉት መንደሮች ዋሂል ሲባል ጀልዴሳ፣ ጀልዴሳ ሲባል ሌላ ቦታ እየጠራ ቀናቱን በላ። አያን ወደ ማንበቢያው መምጣት አቆመች። አብዲቃድርም ከተማ ውስጥ የለም ተባለ።

ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ከጀልዴሳ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ለስምረት ፖስታ አደረሰላት። ውስጡ ሚሞሪ ካርድና አንድ ወረቀት ነበር። ጽሕፈቱን ስታይ ልቧ፣ ሳትፈቅድለት፣ ደነገጠ።

«ስምረት፣

ዱኒያን አገኘኋት። ከጀልዴሳ አልፎ ከብት አርቢዎች የሰፈሩበት ቦታ ነበረች። ሰውየው ግመሎቹን ሊያጠጣ ሲሄድ ግማሽ ሰዓት አነጋገርኳት። በማግሥቱ ፖሊስ ይዤ ስመለስ ሰፈሩ ተነስቷል፤ ሦስት ድንጋይና አመድ ብቻ ነው የቆየኝ። ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ፖሊሶቹም እኔም እየፈለግናት ነው። እሷን ሳልይዝ ድሬ አልገባም። ይህን የማደርገው አንቺ ስላልሽኝ ብቻ አይደለም።

ለአንቺ የምትልሽ ነበራት። በስልኬ ቀድቼ ልኬልሻለሁ። ትርጉሙን አልጻፍኩም። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ እጄ ማለሳለስ ሲጀምር አየሁትና ቀደድኩት። ቱሪያ ትንገርሽ። ከእንግዲህ በእኔ አፍ ምንም አትስሚ።

አብዲቃድር»

ቱሪያ ኢርፎኑን ሰክታ፣ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ እያቋረጠች አንድ በአንድ ነገረቻት። ቱሪያ ስትተረጉም ድምፅዋ ደረቅ ነው፤ አታስውብም፣ አታዝንም።

«"ቲቸር፣ ዱኒያ ነኝ። ሰውየው አይመታኝም። ሽማግሌ ነው፤ ያስለዋል። … ውሃው ሩቅ ነው። … አብዲቃድር ተመለሺ አለኝ። ወዴት ነው የምመለሰው? አጎቴ ቤት? ለሰውየው የሰጠኝ አጎቴ ነው። … አያን ያን ረቡዕ መጥታ ለቲቸር ነገርኳት አለችኝ። ምን አለችሽ ስላት ተደሰተች፣ አጨበጨበች አለችኝ። ነገሩ ባይገባት ነው አልኩ፤ ማታ ሲገባት ትመጣለች አልኩ። ሐሙስ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አርብ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆምኩ። … ከዚያ ቅዳሜ ሆነ። … አያን ትምህርት እንዳታቆም ንገሪያት። እኔ አልናደድኩብሽም። ብቻ ለምን እንዳልመጣሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።"»

ቱሪያ ኢርፎኑን አወጣች።

«ሌላስ?» አለች ስምረት።

«ሌላ የለም።»

«ከመጨረሻው በኋላ? ምንም አላለችም? ደህና ሁኚ እንኳ?»

«አላለችም ስምሬ። ይኸው ነው።»

ስምረት ራሷን ነቀነቀች። እጆቿን ጭኖቿ መካከል አጥብቃ ያዘች። የሰማችው ሁሉ እውነት ነው፤ ለዚህ እውነት ብላ ሰውዋን አባርራለች፣ ልክም ነበረች። ሆኖም በዚያች ቅጽበት፣ የልጅቷ ጥያቄ ክፍሉ ውስጥ እንደቆመ፣ አንድ ሰው አጠገቧ ምንጣፉ ላይ እንዲቀመጥ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ ቀና እንዲልና ዓይን ዓይኗን እያየ ቀስ አድርጎ ሌላ ነገር እንዲነግራት ፈለገች። ውሸት መሆኑን እያወቀች ፈለገችው። ራሷን ያን ያህል ጠልታ አታውቅም፤ እሱንም ያን ያህል ናፍቃው አታውቅም።